ብሎን መግፊያ አይደለም

ልጆቼ፣ ሶኬት ስትገጥሙ የመጨረሻዎቹን ሁለት ብሎኖች ስታጠብቁ እጃችሁ ምን ይሰማዋል? ሶኬቱ በጣት ገፋ ሲደረግ ገብቶ ብሎኑ ያዝ ብቻ ካደረገው ደህና ነው። ብሎኑ ሶኬቱን ወደ ውስጥ እየጎተተው፣ ከኋላ ሽቦ ሲታሽ ከተሰማችሁ ግን አቁሙ። ቦክሱ፣ ማለትም ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ሶኬቱንና ሽቦዎቹን የሚይዘው ሳጥን፣ ሞልቷል።

እኔ አላቆምኩም ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሦስት ገመድ የገባበት ጠባብ የብረት ቦክስ ውስጥ ሶኬቱን በካቻቪቴ ጎትቼ አስገባሁት። ክዳኑ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለ። ሲያዩት ያምራል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ "ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን" ተብሎ ተጠራሁ። ስፈታው የፌዙ ሽቦ (ኮረንቲ የሚያመጣው) በሶኬቱና በቦክሱ ጠርዝ መካከል ተቀርቅሯል። ላስቲኩ ተቆርጦ መዳቡ ብልጭ ይላል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ቦክሱ ግራውንድ፣ ማለትም ያፈሰሰ ኮረንቲ የሚሄድበት የመሬት ሽቦ፣ ስለነበረው ነው ብሬከሩ የወረደው። ባይኖረው ኖሮ ብረቱ ራሱ ኮረንቲ ይዞ ሰው ይጠብቅ ነበር።

አለቃዬ አልተቆጡኝም። "እዚህ ውስጥ ስንት ሽቦ አለ?" ብቻ አሉኝ። አልቆጠርኩም ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምቆጥረው በአሜሪካው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ነው። የምትሠሩበት አገር ደንብ ሌላ ከሆነ እሱን ያዙ፣ አስተሳሰቡ ግን ይጠቅማችኋል። ለእያንዳንዱ 14 ቁጥር ሽቦ 2 ኪዩቢክ ኢንች ቦታ፣ ለ12 ቁጥር 2.25፣ ለ10 ቁጥር 2.5 ይያዛል። (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ጀማሪን ሁሉ የምታሳስት ነገር ናት።)

ያንን የኔን ቦክስ እንቁጠረው። ሦስት ገመድ፣ ሁሉም 12 ቁጥር፤ እያንዳንዱ ገመድ ውስጥ አንድ ፌዝ፣ አንድ ኒውትራል (ኮረንቲው የሚመለስበት) እና አንድ ግራውንድ ሽቦ አለ። ሦስት ፌዝና ሦስት ኒውትራል፣ ስድስት። የግራውንድ ሽቦዎች እስከ አራት ድረስ ተደምረው እንደ አንድ ይቆጠራሉ፣ ሰባት። ሶኬቱ እንደ ሁለት ሽቦ ነው፣ ዘጠኝ። ውስጥ ያሉት የገመድ መያዣዎች ሁሉም አንድ ላይ አንድ፣ አሥር። አሥር ጊዜ 2.25፣ 22.5 ኪዩቢክ ኢንች። እኔ የተጠቀምኩት ቦክስ 14 ነበር። ሒሳቡ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ደንቡ ግን ትንሹን ልክ ነው የሚነግራችሁ። በቦክሱ ውስጥ ጀምረው እዚያው የሚያልቁ አጫጭር ሽቦዎችና የሽቦ ማያያዣ ቆቦች አይቆጠሩም፤ ቦታ ግን ይበላሉ። ኮረንቲ ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋው ወፍራሙ ሶኬትም ልክ እንደ ቀጭኑ ሁለት ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ እኔ ጥልቁን ቦክስ ነው የማነሳው። የዋጋው ልዩነት አያጣላም።

ሌላ የማየው ነገር፣ ቦታ ሲጠብባቸው ሽቦውን የሚያሳጥሩ አሉ። ይሄ ማታለል ነው። ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ነፃ ሽቦ መተው አለበት። አጭር ሽቦ ከሶኬቱ ብሎን ሥር በደንብ አይገባም፤ ላልቶ የታሰረ ሽቦ ደግሞ ጭነት ሲመጣበት ይግላል። ጢም ብሎ የሞላ ቦክስ ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ የለውም፣ ላስቲኩ ቀስ በቀስ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ግድግዳው ተለስኖ ካለቀ በኋላ ሞልቶ ካገኛችሁትስ? መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ በቴስተርም አረጋግጡ። ከዚያ ቦክሱ ላይ የሚደረብ ማራዘሚያ ቀለበት አለ፣ የጎደለውን ቦታ ይጨምርላችኋል። ክዳኑ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ይላል፣ ባለቤቱም "ይሄ ምንድነው?" ማለቱ አይቀርም። ክፈቱና ውስጡን አሳዩት። እኔ እስካሁን ውስጡን አይቶ የተከራከረኝ ሰው አላጋጠመኝም።