የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ፦ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ዲስኩን ይዩት

ከፍኖተ ሰላም የጻፉልን እህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ቤት ያለው ላፕቶፕ ሲፒዩው (ዋናው አስሊ ቺፕ) የኢንቴል ኮር አይ 5፣ አምስተኛ ጄነሬሽን ነው። 4 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) እና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ (ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት) አለው፤ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ተነሥቶ እስኪከፈት ቡናው ተቆልቶ ይፈላል። ጥገና ቤት ፎርማት አድርገውላቸው ትንሽ ተሻለውና ወዲያው ወደ ጠባዩ ተመለሰ። ልጃቸው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። «ተበድሬ አዲስ ልግዛላት ወይስ ይሄው ይበቃታል?» ይላሉ።

እህታችን፣ ብድሩን ለጊዜው ይተዉት። እኔ ደብረ ማርቆስ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ከክፍል ስወጣ የጎረቤቱንም የዘመዱንም ላፕቶፕ ስፈታ ስገጥም ነው የማመሸው። የእርስዎ ዓይነቱ ማሽን ሲመጣልኝ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ዕቃ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ።

የእኔን ግምት ይዘው ግን ገንዘብ አያውጡ። መጀመሪያ ራስዎ ይዩት። ላፕቶፑን ያብሩና ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ጠበብ ብሎ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ይንኩት። ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ እያለ በፐርሰንት ያሳይዎታል። ሲፒዩው ዘና ብሎ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተቸንክሮ ከቆየ በሽታው ተገኘ ማለት ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የላፕቶፕ የሆነው ባብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበው ክፍል ፋይሉ ወዳለበት ቦታ መሄድ አለበት። አንድ ትልቅ ፊልም ሲገለብጡ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ዊንዶውስ ሲነሣ ግን እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይጠራል፤ ጊዜው የሚያልቀው እዚያ ነው። ራሙ 4 ጊጋ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ክሮም ላይ ሁለት ሦስት ገጽ ሲከፈት ራሙ ይጠብና ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ማስቀመጥ ይጀምራል። ያው የደከመው ዲስክ ሌላ ሸክም ተጫነበት።

ፎርማት ይህን አይነካውም። ትርፉን ፕሮግራም ጠርጎ ለጊዜው ያቀልለታል። ክሮሙ፣ አንቲቫይረሱ፣ አፕዴቱ ሲመለስ ዲስኩ ያው ዲስክ ነው። ሰው በየሴሚስተሩ ለፎርማት ሲከፍል ሳይ እናደዳለሁ።

መፍትሔው ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በቦታው ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፋይሉን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ፣ መግጠም ነው። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ በሳታ (ሃርድ ዲስኩ በሚሰካበት በዚያው ማገናኛ) የሚሠራ ኤስኤስዲ 500 አካባቢ ያነባል። ትንንሽ ፋይሎች ላይ ሲሆን ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል። ሱቅ ሲሄዱ «ባለ 2.5 ኢንች ሳታ» ይበሉ። 256 ጊጋ ለተማሪ ይበቃል። 2 ቴራ ተብሎ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ ካዩ ጥለው ይሂዱ፤ የውሸት ነው።

ራሙንም ወደ 8 ጊጋ ቢያሳድጉት ጥሩ ነው። የአምስተኛ ጄነሬሽን ላፕቶፕ የሚወስደው ዲዲአር 3 ኤል የሚባለውን ነው። ዲዲአር 4 አይገባበትም። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልደረሰ ግን ኤስኤስዲው ይቅደም።

ሲቀይሩልዎት አጠገባቸው ይቀመጡ። የወጣውንም ሃርድ ዲስክ ተቀብለው ይምጡ። የቤተሰቡ ፎቶ፣ የልጅቷ ሰርተፊኬት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው፤ ጥገና ቤት መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል? የዩኤስቢ ኬዝ ከገዙለት እንደ ትልቅ ፍላሽ ያገለግልዎታል። በቪዥዋል ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፉ የድሮ ፋይሎች ካሉዎት ፎንቱንም አብረው ያስቀምጡት። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ያ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰዎች ፋይላቸው ተበላሸ ብለው የሚያጠፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ዊንዶውሱ አንድ ነገር ማወቅ አለብዎት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ማሽኑ ያን ቀን መሥራት አላቆመም፤ የቆመው የደኅንነት አፕዴቱ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ጄነሬሽን በታች ያለውን ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም። አስገድዶ የሚጭን አይጠፋም፤ እኔ ግን ለተማሪ አልመክረውም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት አውጥቷል፤ በሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ላይ ገብተው ይመዝገቡበት። ከዚያ ወዲያ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም አለ። ነጻ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይቀልላል፣ የፍላሽ ሾርትከት ቫይረስም አያስጨንቀውም። ወርድ ግን እንዳለ አይጫንበትም፤ በምትኩ ሊብሬኦፊስ የሚባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም ነው የሚጠቀሙት።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ፤ ብድሩን ይተዉት ያልኩት በዋናነት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ኮርስ ነው። ፒዲኤፍ ታነባለች፣ አሳይመንት ትጽፋለች፣ በቃ። ዲፓርትመንት የምትመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። አርክቴክቸር ወይም ሲቪል ከደረሳት አውቶካድ የሚባለው የንድፍ መሣያ ፕሮግራም ያስፈልጋታል፤ ያን ጊዜ ጠንከር ያለ ማሽን መግዛት ግድ ይሆናል። ሕግ ወይም አካውንቲንግ ከሆነ ይሄው በኤስኤስዲ የታደሰው ላፕቶፕ እስከ ምረቃ ሊያደርሳት ይችላል። ዛሬ በጭፍን የተገዛ ውድ ላፕቶፕ ነገ ለትምህርቷ የማይሆን ሆኖ ቢገኝስ?

ስለ መብራቱ መቼም ለፍኖተ ሰላም ሰው አልነግርም። ባትሪው ከሞተ መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ማሽኑ እየጻፈ ሳለ ይቋረጣል፤ ይህ ለዲስክም ለፋይልም ክፉ ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ሲመለስ ትንሽ እስኪረጋ ይጠብቁና ይሰኩ።

ከስልክ በሆትስፖት የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ታብራው። ካለበለዚያ ዊንዶውስ ከበስተጀርባ አፕዴት እያወረደ የወር ፓኬጇን በአንድ ሌሊት ይጨርስባታል። ከዚያ «ዳታ አልቆብኛል» የሚል ስልክ ይመጣልዎታል።

ማዘርቦርዱ ከተጎዳ፣ ማጠፊያው ተሰብሮ ስክሪኑ ከተላቀቀ ወይም ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ማሽኑ ስታክ የሚያደርግ ከሆነ ግን ገንዘብ አይጨምሩበት። ያን ጊዜም አዲስ የግድ አይደለም። ባሕር ዳርም ሆነ ማርቆስ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገኛል። ስምንተኛ ጄነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ፣ 8 ጊጋ ራም እና ኤስኤስዲ ያለው ይፈልጉ። ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን አስነቅለው በባትሪ ብቻ ያስነሡት፣ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ይክፈቱበት፣ ኪቦርዱን አንድ በአንድ ይጫኑት፣ ፍላሽ በየቀዳዳው ይሰኩበት። ባለሱቁ ይህን ሁሉ ለማስሞከር ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።