አኒሜ በአንዱ አገር ሞልቶ በሌላው ለምን ይታጣል?

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎ ሁለት ነገር የያዘ ነው። የመጀመሪያው አኒሜ የሚባለው የጃፓን ካርቱን በዐረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በላቲን አሜሪካ ያን ያህል ተስፋፍቶ ሳለ በእኛ አገር በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ለምን ያስቸግራል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ታናሽ ወንድምዎ በዐረብኛ የግርጌ ጽሑፍ እየተከታተለ የሚያያቸውን ሥራዎች በአማርኛ የምናይበት ጊዜ ይመጣል ወይ የሚል ነው። ልጅነቴን ጅዳ አሳልፌ፣ ቦሎኛ ተምሬ፣ አሁን አዲስ አበባ የምኖር ሰው በመሆኔ አኒሜ በሦስቱም ቦታ ወደ ቤት የገባበትን መንገድ የማየት ዕድል ስላገኘሁ፣ የማውቀውን ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎች አኒሜ የተስፋፋው ወጣቱ ስለወደደው ነው ይላሉ፤ ይህ አባባል ብቻውን ውሃ አያነሳም። ሰው የሚወደው ካየ በኋላ ነው። እንዲያየው ያደረገው ግን በየአገሩ የአየር ሰዓቱን የሚሞላበት ርካሽ የልጆች ፕሮግራም የቸገረው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መኖሩና ድምፁን በአገሩ ቋንቋ ለማስቀዳት ገንዘብ ያወጣ አንድ አካል መገኘቱ ነው። እነዚህ ሁለቱ በተገናኙበት አገር ሁሉ አኒሜ ሥር ሰድዷል፤ ባልተገናኙበት ደግሞ ዘግይቷል።

ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ 1963 መመለስ ያስፈልጋል። የጃፓኑ ካርቱን ሠሪ ኦሳሙ ቴዙካ በውጭው ዓለም «አስትሮ ቦይ» ተብሎ የሚታወቀውን ተከታታይ ለፉጂ ቴሌቪዥን የሸጠው ከማምረቻ ወጪው ባነሰ ዋጋ ነበር። ጉድለቱን ያካካሰው የገጸ ባሕርይውን ምስል በአሻንጉሊትና በቸኮላታ ላይ የማተም መብት በመሸጥና ፊልሙን ለውጭ ገዢ በማቅረብ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሥራው በአሜሪካው የቴሌቪዥን ድርጅት በኤንቢሲ በኩል ተገዝቶ አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ መታየት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመጡት አምራቾችም የወጪያቸውን አብዛኛውን ክፍል አገር ቤት እየመለሱ ለውጭ ጣቢያ ቅናሽ ማድረግ ቻሉ። አንድን ካርቱን ከባዶ ተነሥቶ ከማሠራት ይልቅ ያለቀለትን ገዝቶ ድምፁን መለወጥ የሚያዋጣ ንግድ ሆነ።

ጣሊያን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1976 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የግል ጣቢያዎች በየአካባቢያቸው እንዲያሠራጩ ፈቀደ፤ ጣቢያዎቹ እንደ አሸን ፈሉ፤ ይሁንና የሚያሳዩት አልነበራቸውም። በ1978 የመንግሥቱ ጣቢያ ራይ እዚያ «ጎልድሬክ» የሚባለውን የሮቦት ተከታታይ አሳይቶ ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ሲተከሉ የግሎቹም ያገኙትን የጃፓን ሥራ ሁሉ በጅምላ መግዛት ጀመሩ። ተቃውሞ አልጠፋም፤ ከቦሎኛ ብዙም በማትርቀው በኢሞላ 600 ወላጆች በ1980 ፊርማ አሰባስበው እነዚህ ሮቦቶች ይቁሙልን ብለው ነበር። ይሁን እንጂ ያኔ ልጅ የነበረው የእኔ አከራይ አምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ የጎልድሬክን መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ቃል ሳይስት፣ ወጥ እየሠራ ይዘፍነው ነበር። በፈረንሳይም ያው ሥራ በዚያው በ1978 «ጎልዶራክ» ተብሎ ገባ፤ ከ1987 እስከ 1997 የቆየው «ክለብ ዶሮቴ» የተባለው የልጆች ፕሮግራም ደግሞ አንድ ትውልድ በአኒሜ አሳድጓል። ዛሬ ፈረንሳይ ከጃፓን ውጭ ካሉት ትልልቅ የማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት፣ ገበያዎች አንዷ የሆነችው ከዚህ በመነሣት ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዐረቡ ዓለም ታሪክ ነው። ያው የሮቦት ተከታታይ «ግሬንዳይዘር» በሚል ስም ሊባኖስ ውስጥ ወደ ዐረብኛ ተመልሶ መታየት የጀመረው በሰባዎቹ መጨረሻ፣ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ እያለች ነበር። የዋናውን ጀግና ድምፅ የሠራው ተዋናዩ ጂሃድ አል አጥራሽ ሲሆን፣ ቋንቋው የቤይሩት የመንገድ ዐረብኛ ሳይሆን ፉስሃ የሚባለው የትምህርት ቤትና የዜና ዐረብኛ ነበር። ይህ ምርጫ የንግድ ስሌትም ነበረው፤ በፉስሃ አንድ ጊዜ የተቀዳ ድምፅ ከሞሮኮ እስከ ኦማን ላሉ ጣቢያዎች ሁሉ ይሸጣል፤ ወጪው ለብዙ አገር ይከፋፈላል። በ2000 ሥርጭት የጀመረው ስፔስቱን የተባለ የልጆች ቻናል ይህንኑ ስሌት ሙሉ ጣቢያ አደረገው፤ ድምፁን የሚቀዳለት ደማስቆ ያለ ማእከል ነበር፤ የመግቢያ መዝሙሮቹንም ታሬቅ አል ዐረቢ ጡርጋንና ራሻ ሪዝቅ አዜሙ። ማእከሉ ሲተረጉም ከአካባቢው ልማድ ጋር ያስማማ ነበር፤ መጠጡ ጭማቂ ይሆናል፤ ፍቅረኞቹ የአጎት ልጆች ይሆናሉ። ቀደም ሲል የተተረጎመው የእግር ኳስ ተጫዋቹ ልጅ ጹባሳም «ካፕቴን ማጂድ» ተብሎ ነበር የምናውቀው።

ጅዳ እያለን ዐረብኛ የተማርኩት ከዚህ ጣቢያ ነው ማለት ይቻላል። ሰፈራችን ያለው ባቃላ፣ ማለትም ትንሿ ሱቅ፣ ተልኬ ስሄድ ለባለ ሱቁ ዳቦና ወተት የምጠይቀው በፉስሃ፣ ያውም ልክ የጠፈር መርከብ አዛዥ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ባለ አነጋገር ስለነበር፣ ሰውዬው ደንበኞቹን ጸጥ አስኝቶ ድገመው ይለኝ ነበር። ልጅ የሚያየውን ቋንቋ ይናገራል፤ መንግሥታትም ይህን ያውቃሉ። ባንግላዴሽ በ2013 በሂንዲ የተቀዳውን ዶራኤሞን የተባለ የልጆች አኒሜ የሚያሳዩ ቻናሎችን ያገደችው ልጆቻችን ከቤንጋሊ ይልቅ ሂንዲ ተናጋሪ ሆኑ በሚል ስጋት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሳዑዲ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በ2001 የሃይማኖት መሪዎቿ ፖኬሞን ላይ ፈትዋ ያወጡባት አገር፣ በ2017 ማንጋ ፕሮዳክሽንስ የተባለ ኩባንያ አቋቁማ ከጃፓኑ የአኒሜ አምራች ቶኤይ ጋር የሠራችውን ፊልም በ2021 ለሲኒማ አበቃች። የፊልሙ ታሪክ አብርሃ ዝሆን አስከትሎ መካን ሊወጋ የዘመተበት ነው፤ ያ ከአክሱም ጦር ጋር ባሕር ተሻግሮ የየመን ገዢ የሆነው አብርሃ። የእኛ ታሪክ በአኒሜ ቀድሞ የተነገረው በሌላ ወገን ዓይን፣ ያውም በወራሪነት መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አኒሜ ኢትዮጵያ የገባው በዋናነት በዚሁ በዐረቡ በር ነው። ዲሾቻችን በአብዛኛው ወደ ዐረብሳትና ወደ ናይልሳት ዞረው በነበሩበት ዘመን ስፔስቱንና ኤምቢሲ ሦስት ያለ ክፍያ ይገቡ ስለነበር፣ አንድም የዐረብኛ ቃል የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ካፕቴን ማጂድን በምስሉ ብቻ እየተከተለ አድጓል። በዲኤስቲቪ በኩል አኒማክስ የተባለ የአኒሜ ቻናል በ2007 ወደ አፍሪካ መጥቶ ነበር፤ ሆኖም በ2010 ተዘግቶ በሌላ ቻናል ተተካ። ከዚያ በኋላ ክፍተቱን የሞሉት ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆችና የቴሌግራም ቻናሎች ናቸው። የዐረብኛውም የግርጌ ጽሑፍ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርደው ቅጂ በዐረብ የአኒሜ አፍቃሪዎች የተተረጎመና ጽሑፉ ከምስሉ ጋር አብሮ የታተመ ሲሆን ሊጠፋ ወይም ሊለወጥ አይችልም። ሰፈሬ ያለ አንድ ጫኝ ኮምፒዩተሩ ላይ «አኒሜ ዐረብኛ» እና «አኒሜ እንግሊዝኛ» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች አሉት፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ይቀላቀሉበታል፤ ደንበኛው ቤቱ ደርሶ ነው የሚያውቀው።

በሕጋዊው በኩል ያለው ችግር ከጣዕም ጋር አይገናኝም። አንድ አኒሜ የሚሠራው አሳታሚው፣ ጣቢያው፣ የሙዚቃ ኩባንያውና አሻንጉሊት ሻጩ ገንዘብ አዋጥተው በሚመሠርቱት የአምራቾች ኮሚቴ ነው፤ ይህ ኮሚቴ የማሳየት መብቱን ዓለምን በክልል ከፋፍሎ ይሸጣል። አኒሜ በኢንተርኔት የሚያሳየው ክራንቺሮል በ2006 ሲጀመር ያለፈቃድ የተጫኑ ቪዲዮዎች መሰብሰቢያ ነበር፤ በ2009 ወደ ሕጋዊነት ተሻገረ፤ በ2021 ሶኒ 1.175 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ገዛው፤ አሁን ከ200 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች እንደሚሠራ ይገልጻል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው መብት «ከእስያ በስተቀር መላው ዓለም» የሚል በመሆኑ እኛም ማንም ሳያስበን በዚያ ውስጥ እንካተታለን። በአንጻሩ በዩቲዩብ ላይ ሕጋዊ አኒሜ በነጻ የሚያሳዩት ሙዝ ኤዥያና አኒ ዋን የተባሉት ቻናሎች መብቱን የገዙት ለእስያ በመሆኑ ከአዲስ አበባ ሲከፍቷቸው ብዙው ቪዲዮ «በአገርዎ አይገኝም» ይልዎታል። የክልሉ አከፋፈል አንዳንዴ ለእኛም ያደላል። በ2020 ኔትፍሊክስ የጃፓኑን የአኒሜ ስቱዲዮ የጂብሊን ፊልሞች ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከጃፓን በስተቀር ለመላው ዓለም ሲከፍት፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የማያቸውን ፊልሞች ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በዚያው ኔትፍሊክስ ማግኘት አልቻለችም፤ እዚያ መብቱ የሌላ ድርጅት ነበርና።

ስለዚህ ቢያንስ የእንግሊዝኛውን ያህል መብቱ እኛን አልዘለለም። የዘለለን የክፍያው መንገድ ነው። በብር ሒሳብ የሚሰጠው የተለመደው የባንክ ካርድ ለውጭ አገር ወርኃዊ ክፍያ አያገለግልም፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያለው ወይም ውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍልለት ሰው ብቻ ነው የሚገባው። በዚህ ላይ የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ ሲጨመር ወጣቱ በጥቂት ብር ሙሉ ሲዝን ፍላሽ ላይ ማስጫኑን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ የሚጎዳው ግን ኋላ የምናነሣውን የአማርኛውን ዕድል ነው።

አሁን ስለ አማርኛው። በብዙ አገር የሚነገር ቋንቋ ዕድለኛ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ የተቀዳው የስፓኒሽ ድምፅ ስፓኒሽ ለሚናገሩት የላቲን አሜሪካ አገሮች ሁሉ ያገለግላል። ፍቅሩም እዚያ ደርሷል፤ በ2018 ድራጎን ቦል ሱፐር የተባለው አኒሜ የመጨረሻ ክፍሎች ሲተላለፉ የሜክሲኮ ከተሞች አደባባይ ላይ ስክሪን ተክለው ሲያሳዩ፣ ቶኤይ ፈቃድ አልሰጠሁም ብሎ ቢያስጠነቅቅም ሕዝቡ ከመሰብሰብ አልተመለሰም። አማርኛ እንዲህ ያለ ስፋት የለውም ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ግን ፊሊፒንስን ይመልከት። ታጋሎግ የአንድ አገር ቋንቋ ነው፤ አገሪቱም ሀብታም አይደለችም፤ ሆኖም ከዘጠናዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትልልቆቹ ጣቢያዎች አኒሜን በታጋሎግ እያስቀዱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሚያገኙት ሰዓት አሳይተውታል፤ ወጪውን የከፈለው ማስታወቂያ ነው።

እኛም ዘንድ ችሎታው አለ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቅርቦ ቤተሰቡን ሁሉ በየማታው ስክሪን ፊት እንዳስቀመጠ ሁላችንም አይተናል፤ የድምፅ ተዋናይነት ሙያም ከዚያ ወዲህ በሚገባ ጎልብቷል። የጎደለው ገዢ ነው። በእኔ ግምት መጀመሪያ የሚሳካው አሁን ወጣቱ የሚያወራለት አዲስ ተከታታይ ሳይሆን፣ ዋጋው የወረደ፣ ክፍሉ ብዙ የሆነና ደም የማይበዛበት የቆየ የልጆች አኒሜ ነው፤ ምክንያቱም አዲሱን ደንበኛው ሁሉ በፍላሽ ይዞታል፤ ለልጆች ፕሮግራም ማስታወቂያ የሚሰጥ የወተትና የብስኩት ፋብሪካ ግን አለ። አንድ ሰው ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ብቻውን የሚተርክበት ትርጉም ፊልም ለአኒሜ አይሆንም ባይ ነኝ፤ የገጸ ባሕርያቱ ድምፅ ሲጠፋ ግማሹ ነገር አብሮ ይጠፋል።

ለወንድምዎ ለጊዜው የምመክረው ይህ ነው። ክራንቺሮልም ኔትፍሊክስም ላይ በአማርኛ የቀረበ አኒሜ እስካሁን አላየሁም፤ እንግሊዝኛው ግን ከፍላሹ ቅጂ እጅግ የጠራ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ሊከፍልላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ከኢትዮጵያ በመደበኛው ኢንተርኔት፣ ቪፒኤን ሳትከፍቱ፣ የክራንቺሮልን ድረ ገጽ ገብታችሁ የሚፈልገው ሥራ መኖሩን ፈልጉ፤ ዝርዝሩ ሳይከፈልም ይታያል፤ ዘመዳችሁ አሜሪካ ሆኖ የሚያየው ዝርዝር ግን ከእናንተ ጋር ላይመሳሰል ስለሚችል በእርሱ ቃል ብቻ ተማምናችሁ አትክፈሉ።