መሀለኛዋን ዋጪያት

ሰላም እህቴ። «አስክድ (asked፣ ጠየቀ)፣ መንዝስ (months፣ ወራት)፣ ክሎዝስ (clothes፣ ልብስ) የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ቀስ ብዬ ሳወጣቸው ይወጣሉ፣ ፈጠን ስል ግን ምላሴ ይተሳሰራል፤ ፈረንጆቹ እንዴት ነው የሚሏቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አጭሩ መልስ፦ እነሱም ሁሉንም ድምፅ አይሉትም።

እኔ እዚሁ ጅማ ነኝ፣ ቡና ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ወደ አጋሮ እየወሰድኩ አስተረጉማለሁ። የጀመርኩ ሰሞን አንዱ እሸት ቡና በእጁ ይዞ፣ ታጥቦ ነው የሚዘጋጀው ወይስ ከነልጣጩ ደርቆ ጀንፈል ነው የሚሆነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ኮራ ብዬ «ዋሺድ!» አልኩት። ሰውዬው እጁን አየ፣ ቡናውን አየ፣ ከዚያ ውሃው የት እንዳለ ጠየቀኝ። «ዋሽት» (washed፣ የታጠበ) ማለት ሲገባኝ፣ «ዋሽ ኢት» (እጠበው) ያልኩት መስሎታል። እንግዳ ሰው ቡና እጠብ ብዬ አዘዝኩ ማለት ነው!

ጥፋቱ የሳድሳችን ነው። ሳድስ ፊደል አንዴ አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዴ አይኖረውም፣ ስለዚህ ተነባቢ ሲደራረብብን ሳናውቀው መሀል ላይ አናባቢ ሸጎጥ እናደርጋለን። የቃሉ መጀመሪያ ላይ ከሆነማ «እስፖርት»፣ «እስትሪት» ነው። አፋን ኦሮሞም «ኢስፖርቲ» ነው የሚለው፣ ጅማ ላይ በሁለቱም በኩል ተይዘናል። ግን መጨረሻ ላይ 2 ተነባቢ አያቅተንም። ወርቅ ትያለሽ አይደል? ታዲያ «ወርክ» ምን ይከብድሻል? ጉዱ የሚመጣው 3ኛዋ ስትጨመር ነው።

እዚህ ላይ እነሱ የኛን ተቃራኒ ያደርጋሉ። እኛ መሀል ላይ እንጨምራለን፣ እነሱ መሀለኛዋን ይውጣሉ። «አስክድ» ሲፈጥኑ «አስት» ይሆናል፣ «መንዝስ» «መንትስ»፣ «ክሎዝስ» ደግሞ ዝጋ ከሚለው «ክሎውዝ» አይለይም። «ኔክስት ዊክ» ሲሉም በሁለቱ ቃላት መሀል የተጨናነቀችው ት ተውጣ «ኔክስ ዊክ» ነው የምትሰሚው። እንደ «አስክድ» እና «መንዝስ» ያሉት ላይ ግን የመጨረሻዋን ድምፅ እንዳትነኪ፣ ያለፈ ጊዜውና ብዙ ቁጥሩ ያለው እሷ ላይ ነው፣ ስትዋጥ ትርጉሙም አብሮ ይዋጣል። ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ ደግሞ መዋጥም አያስፈልግሽ፣ ተነባቢዋን ወደዚያ አሻግሪያት። «ዋሽት» እና «ኤንድ» ሲገናኙ «ዋሽ ተንድ» ይሆናሉ። እኛስ «ምን አለ» ብለን ቆራርጠን እናወራለን እንዴ? «ምናለ» ነው የምንለው።

ደግሞ ያለፈ ጊዜን የምታሳየው -ed «ኢድ» የምትባለው ከት እና ከድ በኋላ ብቻ ነው፣ «ወንቲድ»፣ «ኒዲድ» እንደሚባለው። ሌላው ቦታ ወይ ት ናት ወይ ድ። እኔ ይህን ያወቅኩት ትምህርት ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፣ ያናድዳል።

ስትለማመጂ ከኋላ ጀምሪ። ት፣ ሽት፣ ዋሽት። እጅሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊ፣ «ሽት» ላይ ከነዘረሽ አናባቢ ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው። እኔ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር እለማመድ ነበር፤ አንድ ቀን «ሽት፣ ሽት» ስል ሹፌሩ ዝም በል ያልኩት መስሎት ሙዚቃውን ቀነሰው።

አንድ ነገር ልመንሽ፣ «ሲክስዝስ» (sixths) የምትለዋን እንዳትጠይቂኝ። እንግዳ ፊት አምስት ስድስተኛ ማለት ሲመጣብኝ እስከዛሬ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የማሳየው።