ጥያቄና መልስ፦ ኦክስጅን ሴንሰር በአሮጌ ኮሮላና ቪትዝ

ኦክስጅን ሴንሰር በጭስ መውጫው ላይ ተሰክቶ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግር ነው፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ቤንዚኑን ይመጥናል። ጥያቄ ስትልኩ የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመት (በፈረንጆች)፣ ስካነሩ (የኮምፒውተሩን የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) ያወጣውን ኮድና መኪናው የሚውልበትን አገር አብራችሁ ጻፉ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ የ2003 ኮሮላ ነው። ፒ0135 አወጣ። መካኒኩ ሴንሰሩን ቀይር ብሎኛል፤ ልግዛ?

መልስ፦ ገና አትግዛ። ይህ ኮድ የሚናገረው ስለ ሴንሰሩ ማሞቂያ መስመር ነው። ሴንሰሩ ወደ 300 ዲግሪ ካልሞቀ አያነብም፣ ስለዚህ ውስጡ ማሞቂያ አለ። የተቃጠለው ማሞቂያው ሊሆን ይችላል፣ ፊውዙም ሽቦውም ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሶኬቱን ንቀል፤ በሴንሰሩ በኩል የማሞቂያውን ሁለት ሽቦዎች በቴስተር ኦም ለካ። በዴንሶ ሥሪት ሁለቱ ጥቁሮች ማሞቂያ፣ ሰማያዊው ሲግናል፣ ነጩ የሲግናል ነጌቲቭ ናቸው። በቦሽና በኤንቲኬ ግን ማሞቂያው ሁለቱ ነጮች ናቸው፣ ጥቁሩ ሲግናል፣ ግራጫው ነጌቲቭ። ይህን ሳያይ ጥቁርን ከጥቁር የሚቀጥል ሰው የባትሪ ኃይል ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል።

ከ11 እስከ 16 ኦም ካነበበ ማሞቂያው ጤነኛ ነው። ምንም ካላነበበ ተቆርጧል፤ ያን ጊዜ ግዛ። ማሞቂያው ደህና ከሆነ ሞተሩን አስነስተህ ከመኪናው በኩል ባለው ሶኬት 12 ቮልት መምጣቱን እይ። ካልመጣ ፊውዙንና ሽቦውን ተከተል።

ስትገዛም የዕቃውን ቁጥር አስተያይ። በ89465 የሚጀምር ኦክስጅን ሴንሰር ነው። በ89467 የሚጀምረው የአየርና ቤንዚን ምጣኔ ሴንሰር ነው፤ ማሞቂያው ከ2 እስከ 3 ኦም ገደማ ያነባል፣ ሲግናሉም ሌላ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ከመቀየርህ በፊት ለካ።

ከሸዋ ሮቢት፦ መኪናዬ ቤንዚን ትበላለች። ሴንሰሩ ይሆን?

መልስ፦ የቷ መኪና? ኮዱስ? ከላይ የተጻፈውን አንብብ።

ከደብረ ሲና፦ የ2001 ቪትዝ፣ ኮድ የላትም። ጣርማ በርን ስትወጣ ግን ጉልበት የላትም፤ ሴንሰሩ ነው አሉኝ።

መልስ፦ አይደለም። ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ረግጠህ ዳገት ስትወጣ ኮምፒውተሩ የሴንሰሩን ንባብ ትቶ በራሱ ሠንጠረዥ ይሠራል። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ከሩብ የማያንስ ጉልበቱን ያጣል። ከዚያ የባሰ ከሆነ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላና የቤንዚን ፓምፕ ተመልከት።

ከመሐል ሜዳ፦ ካታሊስቱን (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን) አውጥቶ መጣል ነው፤ ወዲያው ትነፍሳለች።

ከሰላ ድንጋይ፦ አውጥቶ ፒ0420 (ካታሊስቱ አይሠራም የሚለው ኮድ) ሲበራበት ማን ሊያጠፋለት ነው? መርዙስ?

ከመሐል ሜዳ፦ መብራት ቢበራ መኪና ይቆማል እንዴ?

መልስ፦ ተዉት። ካታሊስት በግምት አይወጣም። የፊተኛው ሴንሰር (ከካታሊስቱ በፊት ያለው) ይፈታና በቀዳዳው ጌጅ ይታሰራል፤ በ2500 ዙር ግፊቱ ከ3 ፒኤስአይ ካለፈ ተደፍኗል፣ ካላለፈ አትንኩት። ወደ ሴንሰሩ እንመለስ።

ከአንኮበር፦ ጋሼ፣ በ2002 ኮሮላችን ሴንሰሩን በአዲስ ቀየርን። ኮድ የለም፤ ግን ካንዴላው አሁንም ጥቁር ነው፣ ቤንዚኑም አልቀነሰም።

መልስ፦ እህቴ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው) በቦታው አለ? ቆላ ላይ መኪና ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል ልማድ ሆኗል። ያው መኪና ወደ አንኮበር ብርድ ሲወጣ ውሃው 80 ዲግሪ አይደርስም። ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ጥላሸቱ አዲሱንም ሴንሰር ይለብሰዋል። ሴንሰሩ መርዶ ነጋሪ ነው፤ እሱን መቀየር የሞተውን አያስነሳም።

20 ደቂቃ ከተነዳ በኋላ የውሃውን ሙቀት በስካነር አንብቡ። ከ80 እስከ 95 ደህና ነው፤ ከ70 በታች ከቀረ በ82 ዲግሪ የሚከፈተውን ቴርሞስታት አስገቡ። ከዚያ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ለኩ፦ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4። ይህም ደህና ከሆነ የሚያፈስ ኢንጀክተር ፈልጉ። መኪና ቆላ ላይ ከሞቀ ራዲያተሩ ይጠረጋል፣ የራዲያተር ክዳንና ማራገቢያ ይታያል። ቴርሞስታት አይነቀልም!

ከሸዋ ሮቢት፦ ይቅርታ ጋሼ። የ2004 ቪትዝ፣ ፒ0171። ሴንሰሩ 0.1 ቮልት ላይ ቆሟል።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ መልስ አለው። ፒ0171 አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ ማለት ነው፤ 0.1 ቮልትም ያንኑ ይላል። ሞተሩን አሙቀህ በ2500 ዙር ያዘው። ጤነኛ ሴንሰር በ0.1 እና በ0.9 መካከል በ10 ሰከንድ 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይዋልላል። 0.1 ላይ ስለቆመ ብቻ ሞቷል አትበል። በአየር መግቢያው ጥቂት የካርቡራቶር ማጽጃ ንፋ፣ ከጋለው የጭስ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ቱቦ) አርቀህ። ንባቡ ከ0.8 በላይ ከዘለለ ሴንሰሩ ሕያው ነው፣ እውነቱን እየነገረህ ነው። ያልተቆጠረ አየር የሚገባበትን የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ፈልግ። ከሴንሰሩ በፊት ያለውን የማኒፎልድ ጓርኒሲዮንም እይ፤ እዚያ ጭስ የሚያመልጥ ከሆነ አየርም ይስባል፣ ንባቡን ያሳስታል። ካልዘለለ ቀይር።

ከሰላ ድንጋይ፦ ቤንዚን ውስጥ አሳድሮ ማጠብስ?

መልስ፦ አይታጠብም። ጥላሸት ብቻ ከሆነ መንስኤው ሲስተካከል በሙቀቱ ይቃጠላል። ሲሊኮን ወይም የራዲያተር ውሃ ያበላሸው አይመለስም።

ከደብረ ብርሃን፦ ለካሁ፤ ምንም አያነብም። ግን አልፈታ አለኝ።

መልስ፦ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጣው። ሞተሩን 5 ደቂቃ አስነስተህ አጥፋ፤ ለብ እንዳለ ጎኑ በተሰነጠቀ የ22 ሶኬት ቁልፍ ፍታ። ጥርሱ 18 በ1.5 ነው፤ ከተበላ በዚያው ልክ ይጠረግ። አዲሱ ጥርሱ ላይ የተቀባ ቅባት ካለው ሌላ አትጨምር። ከሌለው ለሴንሰር የተሠራውን ጥርሱ ላይ ብቻ ቀባ፣ ጫፉን አትንካ። ከ40 እስከ 45 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። የሽቦው ሶኬት የሚገጥመውን ሴንሰር ግዛ። ቆርጠህ የምትቀጥል ከሆነ በእርሳስ አትበይድ፤ ሴንሰሩ ንጹሕ አየር የሚያገኘው በሽቦው ውስጥ ነው፣ ብየዳው ይዘጋዋል። በመጨረሻ ኮዱን አጥፋ።

ከፍቼ፦ ካርቡራቶር ያለው ዲኤክስ ኮሮላ ላይ ሴንሰሩ የት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ የለውም። የናንተ ጉዳይ የካርቡራቶር ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ የኋላኛውንም ሴንሰር (ከካታሊስቱ በኋላ ያለውን) አብሬ ልቀይር?

መልስ፦ ፒ0141 (የእሱ ማሞቂያ ኮድ) ወይም የራሱ ሌላ ኮድ ካላወጣ አትቀይር። ዋና ሥራው ካታሊስቱን መከታተል ነው፤ ቤንዚን አያስበላም።

ከደብረ ሲና፦ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ብገዛስ?

መልስ፦ ቴስተር ይዘህ ሂድ። ማሞቂያውን እዚያው ለካ፤ ሻጩ ካላስለካህ ተወው። ጫፉ ነጭ ዱቄት የለበሰውን በነጻ ቢሰጥህም አትውሰድ።