መልስ፦ እናቴ ሌሊት በሙቀት ትሰቃያለች፣ ሐኪም ቤት ግን እምቢ አለች

እህቴ፣ እናትሽ በ51 ዓመታቸው ሌሊት በላብ ተጠምቀው እየነቁ "የዕድሜ ነው፣ ደግሞ መድኃኒቱ ካንሰር ያመጣል" ማለታቸው የብዙ እናቶቻችን ነገር ነው። ማረጥን እንደ በሽታ አናየውም። እንዲያውም ለብዙ የኦርቶዶክስ እናቶች እፎይታ ነው፦ በወር አበባ ምክንያት ከደጀ ሰላም መቆም ይቀራል፣ ቅዳሴውም ቁርባኑም አይቆራረጥም፤ ቆብ የሚደፉም አሉ። ይህን ክብር አትንኪባቸው። ግን እንቅልፍ ማጣቱን ዝም ብለው ሊችሉት አይገባም።

ለማረጥ ምልክቶች የሚሰጠው የሆርሞን መድኃኒት ካንሰር ያመጣል የሚለው ስጋት በሰፊው የተሰራጨው በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ እናትሽ ገና 51 ናቸው። በመድኃኒቱ ውስጥ ያሉትን ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉ ሆርሞኖች አብሮ ለዓመታት መውሰድ የጡት ካንሰርን ዕድል በጥቂቱ እንደሚጨምር እውነት ነው። ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ግን ብዙውን ጊዜ ጥቅሙ ያመዝናል። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ከነበረባቸው ሆርሞን የሌለበት መድኃኒትም አለ፣ ለሐኪሙ ይንገሩ።

አንድ ነገር አደራ፦ የወር አበባቸው 12 ወር ሙሉ ከቆመ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ቢያዩ "ተመለሰልኝ" ብለው እንዳያልፉት። ሳይውሉ ሳያድሩ የማህፀን ሐኪም ይያቸው።