የዶሮዋ ዓይን ሲያብጥ

እህቴ፣ የአንዷ ዶሮዬ ዓይን አብጦ ተዘግቷል፣ የሰው የዓይን ቅባት ልቀባት ወይ ብለሻል። ቆይ፣ መጀመሪያ ከሌሎቹ ለይተሽ አስቀምጫት። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሪበት፣ ለብ ሲል በንጹህ ጨርቅ ዓይኗን ቀስ እያልሽ እጠቢ።

የኔዋን እንዲህ ሳጥብ ከዓይኗ ቆብ ሥር እንደ አይብ የጠጠረ ነጭ ነገር ወጣ። ለካ ፉርሽካ ብቻ ስለምሰጣት ቫይታሚን ኤ አጥሯት ነበር፣ ጎመንና ካሮት ጨመርኩላት።

ከአፍንጫዋ የሚሸት ፈሳሽ ካለ ግን ኮራይዛ የሚባለው ጉንፋን መሰል የዶሮ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ በመጠጫው ውሃ ቶሎ ስለሚዛመት ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂጂ። በዓይኗ ዙሪያና አናቷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ቅርፊት ከወጣ ፈንጣጣ ይመስላል፣ ቅርፊቱን እንዳትልጪው!

ሁለቱም ዓይኖቿ ካለቀሱ ቤታቸው ውስጥ በነሱ ቁመት ቁጢጥ በይ። የአንቺንም ዓይን ካቃጠለሽ ከኩሳቸው የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ነው፣ ገለባውን ቀይሪ፣ አየር አስገቢ።

ቅባቱን ሐኪሙ ሳያያት አትጀምሪ፣ በተለይ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት መቀነሻ መድኃኒት ያለበትን፤ ዓይኗ ቆስሎ ከሆነ ያብስባታል። መድኃኒት ከጀመረች ደግሞ እንቁላሏ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ ጠይቂው።