«ይባላል»ን ስልኩ እንዳይውጣት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ የተገናኙ ሆነው አገኘኋቸው። ስልክን ወደ ፍርስራሽ ሲያዞሩት የፈረሰው ግድግዳ ቆሞ፣ ጣሪያው ተከድኖ በስክሪን ላይ የሚታይበት ቴክኖሎጂ አለ። ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይሉታል። ከእሱ ጋር ደግሞ ታሪኩን ራሱ የሚተርክ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እየመጣ ነው። ሁሉም ስለዚህ ነው የጠየቁት።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ወጣቶች መጥተው «የፋሲል ግቢን በስልክ የሚያስጎበኝ አፕ እየሠራን ነው፣ የምትተርከውን እንቅዳ» አሉኝ። ጓደኞቼ «እንጀራህን በገዛ እጅህ ልትሰጥ ነው?» ይሉኛል። እንግዳ እንደሆነ ድሮም ቀንሷል። ምን ላድርግ? — አስጎብኚው፣ ከጎንደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጓደኞችህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ሰው የዕለት ጉርሱ ሲነካ ይፈራል። ግን ከመወሰንህ በፊት ስልኩ የሚችለውንና የማይችለውን እንለይ።

የአድያም ሰገድ ኢያሱን ቤተ መንግሥት አስበው። ኢያሱ ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. የነገሠ ነው። ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ ነበር ይባላል። ዛሬ እንግዳ ይዘህ ስትገባ የሚታየው ባዶ ግድግዳ ነው፤ ቀና ሲል ሰማይ። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣሊያን ግቢውን ይዞት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። አንተ እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ «እዚህ ጋ ጣሪያ ነበር» ስትል እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይታየውም። ስልኩ የሚያግዝህ እዚህ ላይ ነው። የጠፋውን ያሳያል። ፈረንሳይ ውስጥ ሻምቦር በሚባለው ቤተ መንግሥት ጎብኚ ታብሌት ይዞ ባዶው ክፍል ውስጥ ሲያዞረው አልጋው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ይታየዋል። ግሪክም ከማይክሮሶፍት ጋር ሆና በ2021 እ.ኤ.አ. የጥንቷን ኦሎምፒያ 27 ሕንጻዎች በስልክ እንዲታዩ አድርጋለች። በሁለቱም ቦታ አስጎብኚዎች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።

ስልኩ የማይችለው ደግሞ ብዙ ነው። እንግዳው ደክሞት ማረፍ መፈለጉን አያውቅም። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ ጋ የትኛው ጥግ ቢቆሙ ሳይገፉ እንደሚያዩ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ግን አንተ በየቀኑ ሳታስበው የምታደርገውን አንድ ነገር አያውቅም። ደርቡሽ በ1888 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ ወጥቶ አዳናት ብለህ ስትተርክ፣ መጨረሻ ላይ «ይባላል» ትላለህ። መቃጠሉ ታሪክ ነው። ንቦቹ የከተማው ሰው ትውፊት ናቸው። አንዷ ቃል ሁለቱንም ሳታጣላ ታስቀምጣቸዋለች። ማሽኑ መጀመሪያ የሚጥላት ቃል እሷ ናት፤ ለሚቀጥለው ጠያቂ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ስለዚህ አብረሃቸው ሥራ እላለሁ። ግን በቃል አይሁን፤ በጽሑፍ ይሁን። ስምህ አፑ ውስጥ ይግባ። ክፍያው አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ሳይሆን አፑ በተሸጠ ቁጥር የሚደርስህ ይሁን። ድምፅህን ቀድተው ሌላ አንተ ያላልከውን ነገር በአንተ ድምፅ የሚያናግር ኤአይ እንዳይሠሩበት በግልጽ ይጻፍ፤ ይሄ ዛሬ በጥቂት ደቂቃ ቅጂ የሚቻል ነገር ነው። ስሕተት ስታይ የማረም መብት ይኑርህ። እኔ ብሆን አንድ ነገር እጨምር ነበር። አፑ በየማረፊያው ላይ «ቀሪውን ከአስጎብኚ ይስሙ» ብሎ የማኅበራችሁን ስልክ ያሳይ። ይህን እምቢ ካሉ የፈለጉት ቅጂውን እንጂ አንተን አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የአክሱም ሐውልቶችን በኦግመንትድ ሪያሊቲ ላሳይ አስቤያለሁ። ትረካውን ኤአይ በአማርኛ እንዲጽፍልኝና በድምፅ እንዲያነበው ነው ሐሳቤ። የት ላይ ልጠንቀቅ? — ተመራቂዋ

መልስ፦ ሐሳብሽ ደስ ብሎኛል፤ ለዚህም ነው ረዘም አድርጌ የምመልስልሽ።

መጀመሪያ ትረካው። ባለፈው ወር አንዱን ኤአይ አክሱም ስላለው የዱንጉር ፍርስራሽ በአማርኛ ተርክልኝ ብዬው ነበር። «ንግሥተ ሳባ በዚህ ቤተ መንግሥት ትኖር ነበር» ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ አልጋዋን፣ ደጃፏን፣ የምትነሳበትን ሰዓት ሳይቀር ነገረኝ። የአክሱም ሰው ዱንጉርን የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት እንደሚለው እውነት ነው። የቁፋሮ ባለሙያዎች ግን ሕንጻው ከክርስቶስ ልደት በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ የተሠራ ነው ይላሉ። ንግሥቲቱ ደግሞ የሰሎሞን ዘመን ሰው ናት፤ ከልደት በፊት አንድ ሺህ ዓመት ገደማ። የአክሱም ሽማግሌ ቢተርክልሽ «ይባላል» ይልሻል፣ «አባቶቻችን እንዲህ ነገሩን» ይልሻል። ማሽኑ ያንን ቃል ውጦት አልጋዋን ጨመረበት።

ለምን እንደዚህ ይሆናል? ኤአይ የሚጽፈው ከተማረው ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው። ማን አየው፣ ማን ተናገረው ብሎ አይመዝንም። የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው የተማረው፤ ስለ አክሱም ሲሆን የበለጠ ያንሳል። ባዶውን ቦታ በሚያምር ዓረፍተ ነገር ይሞላዋል። የሚያሳዝነኝም ማማሩ ነው፤ ሰው አምኖት ይሄዳል።

የምመክርሽ ኤአዩ ከራሱ እንዳይጽፍ ነው። አንቺ የሰበሰብሻቸውንና ያረጋገጥሻቸውን አጫጭር አንቀጾች ስጪው። እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ምልክት ይኑረው፦ ከድንጋይ ጽሑፍ፣ ከቁፋሮ፣ ወይም ከትውፊት። ንጉሥ ኢዛና በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ያስቀረጸው ከድንጋይ ነው። ንግሥተ ሳባ በዱንጉር ከትውፊት ናት። ኤአዩ ጎብኚው ስንት ደቂቃ እንዳለውና ምን እንደሚወድ አይቶ ይምረጥ፣ ያገናኝ። ከዚያ አይለፍ። ምልክቷም ከአንቀጿ ጋር አብራ ትነበብ።

ሥዕሉም ላይ ይሄው ነገር አለ። ትልቁ የወደቀው ሐውልት 33 ሜትር ነው። አንቺ በስልክ ቀጥ አድርገሽ ልታቆሚው ትፈልጊያለሽ፤ ማንም ቢሆን ይሄንን ነው የሚመኘው። ግን ብዙ ተመራማሪዎች ሲተከል ወይም እንደተተከለ ወዲያው የወደቀ ይመስለናል ይላሉ። ምናልባት አንድ ሙሉ ቀን እንኳ ቆሞ የማያውቅ ድንጋይ ነው! እንግዲህ እንደ እውነተኛ ድንጋይ አድርገሽ አታቁሚው። በነጠብጣብ መስመር፣ ወይም ሰማዩ በውስጡ በሚታይ ቀለም ሳይው፤ ያየ ሰው ግምት መሆኑ ይገባዋል። ከሮም የተመለሰው ግን ሌላ ነው፤ የሆነውን ማሳየት ትችያለሽ። በ1937 እ.ኤ.አ. ተወሰደ፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2008 ተተከለ። ቁመቱ 24 ሜትር ነው። ሦስቱን ቁራጮች ለየብቻ አሳይተሽ ብታገጣጥሚያቸው ልጆች አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩት።

ስለ ድምፁ። የአማርኛ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። እኛ ሳናስበው እንለየዋለን፤ ማሽኑ ግን ይሳሳታል። «የገና በዓል» የሚለውን ገና ያልደረሰ በዓል አስመስሎ ሲያነብ ሰምቻለሁ። «ዋናው በር»ን እንደ ውኃ ዋና አድርጎ ሲያነብም እንዲሁ። ስለዚህ ቢያንስ ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች በሰው ድምፅ አስቀጂ። ደግሞ አክሱም መሆኑን አትርሺ፤ እዚያ ያለው ሰው አፉን የፈታው በትግርኛ ነው። ትውፊቱን በትግርኛ ከሚያወራው ሰው አፍ ስሚና ቅጂው፣ አማርኛው ከዚያ ይተርጎም።

ቴክኒኩን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ አንድ ነገር ብቻ። ያለሽበትን ቦታ የሚያመለክተው የስልክ ጂፒኤስ በሜትሮች ይስታል፤ እሱን ብቻ ካመንሽ ሐውልትሽ ጎረቤቱ ላይ ነው የሚቆመው። ካሜራው አይቶ ቦታውን የሚያውቅበት መነሻ ምልክት ያስፈልግሻል። መግቢያው ላይ በሚቆም ሰሌዳ አድርጊው። ቅርሱ ላይ አንዲትም ወረቀት እንዳትለጥፊ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ልጆቼ 11 እና 14 ዓመታቸው ነው፤ ለገና ላሊበላ ልወስዳቸው እፈልጋለሁ። ከስልክ ተለይተው አያውቁም። በስልኩ በኩል ይግባቸው ወይስ ስልኩን ልንጠቃቸው? — እናታቸው

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አድርጊ፤ ጊዜው ብቻ ይለያይ። በቅድሚያ የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ያለ ዘመድ ወይም አስጎብኚ በየጊዜው ጠይቂ። የአማራ ክልል ነገር ከወር ወር ይለዋወጣል።

ስልኩን ከመሄዳችሁ በፊት እቤት ተጠቀሙበት። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በሦስት አውታር ምስል ሠርቷቸዋል። እንዲህ ያለ ምስል ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ልጆቹ እያዞሩ ይዩት። አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ከየት ነው መሥራት የጀመሩት? ሁሉም ልጅ «ከታች» ነው የሚለው። ቤት ከመሠረት ነዋ! እዚህ ግን ከጣሪያው ነው የተጀመረው። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው አንድ ትልቅ ድንጋይ አስቀሩ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ መስኮቱን፣ በሩን፣ ውስጡን አወጡ። የተሳሳተ ድንጋይ ተነስቶ ሌላ አይተካም። ኦግመንትድ ሪያሊቲ ለላሊበላ ቢሠራ እኔ ማየት የምፈልገው ይህንን አጠራረብ ነው፤ እንዲሁም በ2008 እ.ኤ.አ. አንዳንዶቹ ላይ የተተከሉትን ትልልቅ መከለያዎች ከምስሉ ላይ አንስቶ ቤተ ክርስቲያኖቹን ከሰማዩ ጋር የሚያሳይ ቢሆን።

እዚያ ስትደርሱ ግን ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ካሜራው ምስሉን ቦታው ላይ ለማስቀመጥ የሚይዘው ነጥብ ያጣል፤ ቦዩ ውስጥ ጂፒኤስም አይረባም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰው የሚጸልይበት ቤት ነው። የገና ዕለት ቤተ ማርያም ጋ ካህናቱ ከላይ ከአፋፉና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ የሚለውን ዝማሬ ሲሉ፣ የላዮቹ የመላእክት የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይባላል። የ14 ዓመቱ ልጅሽ ላይና ታች እያየ ራሱ ይድረስበት። ቀድመሽ አትንገሪው። የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ አዲስ አበባ ሳላችሁ ዳውንሎድ አድርጉ፤ ኔትወርክ ላይ አትተማመኑ፤ ፓወር ባንክም ያዙ።

ጥያቄ፦ ጣና አካባቢ ባለ ገዳም አገልጋይ ነኝ። ሰዎች መጥተው የግድግዳ ሥዕሎቻችንንና የብራና መጻሕፍቱን በካሜራ እናንሳ፣ በኢንተርኔት ሰው ሁሉ ያያቸዋል አሉን። አባቶች ተከፋፈሉ። — መሪጌታው

መልስ፦ መሪጌታ፣ መከፋፈላቸው ተገቢ ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም የተጠየቁት። ማንሳቱ በራሱ ጥቅም አለው። ሥዕል ይረግፋል፣ ብራና ይሰረቃል፣ እሳትም አለ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ እንደነበር ያውቃሉ፤ በምስል የተያዘ ቅርስ ጠፍቶ ሲገኝ የማን እንደሆነ ማሳየት ይቀላል።

ግን ሰዎቹ ከሀገረ ስብከታችሁና ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የተጻፈ ፈቃድ ይዘው ይምጡ። መቅደሱና ለዓይን የማይፈቀደው ሁሉ ከመጀመሪያው ተለይቶ ይነገራቸው። በፍላሽ እንዳያነሱ፤ ጥሩ አንሺ ብርሃን ከጎን አድርጎ፣ አንዱን ቦታ ደራርቦ ብዙ ፎቶ ያነሳል እንጂ አያበራበትም። ፎቶውን ኤአይ እንዲማርበት ወይም ትረካ እንዲሠራበት ሊሰጡት ካሰቡ አሁኑኑ ይንገሯችሁ፣ እሺ ወይም እምቢ የማለቱ ነገር የእናንተ ነው። የተነሳው ሁሉ ሙሉ ግልባጭ በሁለት ሃርድ ዲስክ ለገዳሙ ይሰጥ። አንዱ ዕቃ ቤት፣ አንዱ ሀገረ ስብከቱ ጋ ይቀመጥ፤ ሃርድ ዲስክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊበላሽ ስለሚችል በየጊዜው ወደ አዲስ የሚገለብጥ አንድ ወጣት ዲያቆን ከወዲሁ ይመደብ።

ሥዕሉን የሚተርከው ድምፅ ደግሞ የእርስዎ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሥዕሉ ፊት ቆመው ለልጆቹ የሚያስተምሩትን አንድ ቀን እንዳለ ይቅዱት።